የአውራ ጣት ቆዳ

ሽሪጃ መጀመሪያ ባሏን አጎረሰች፤ ቀጥላ አማቷን። ባሏ ሱዲሽ ግንበኛ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ ካለው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታልና እሱን ማጉረስ የቤቱ ልማድ ነው። አማቷ ቪላሲኒ ግን ጤነኛ ናት። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጥርሶቿ አልጎደሉም፤ ከጉድጓድ ውኃ ስትስብ ከምራቷ ትፈጥናለች። እንዲህም ሆኖ ዱካዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ የሰው ዕቃ ይመስል ጭኗ ላይ አኑራ፣ አፏን ከፍታ ተራዋን ትጠብቃለች። ሽሪጃ የተቀቀለውን ካሳቫ በሰርዲን ወጥ እየነከረች፣ በጣቶቿ እያድቦለቦለች፣ አንዱን ለባሏ አንዱን ለአማቷ ታጎርሳለች። ጎረቤታቸው ክብሪት ልትዋስ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ይህን አየችና ደነገጠች።

«ውይ! እሷም ወደቀች እንዴ?»

«አልወደቁም፤ ጣት እያበቀሉ ነው» አለች ሽሪጃ ሳትዞር።

መልሱ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አልነበረም። ካሹ የሚባለው ለውዝ ቅርፊቱ ድርብ ነው። በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ጥቁር ዘይት አለ፤ ዘይቱ ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ በኮላም ከተማ ካሹ በመዶሻ የሚሰብሩ ሴቶች አጠገባቸው አመድ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አይጠፋም፤ አንድ እፍኝ በሰበሩ ቁጥር ሁለት እጃቸውን አመዱ ውስጥ ነክረው ያሻሉ። ቪላሲኒ በሃያ ዓመቷ እናቷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሠላሳ ሦስት ዓመታት ዘይቱና አመዱ ተባብረው የጣቶቿን መስመር በልተው ጨረሱት። የመንግሥት ሩዝ የሚታደልበት ሱቅ ያለው የአሻራ ማሽን አያውቃትም። ባለሱቁ «አንቺ እኮ በመንግሥት ዘንድ የለሽም» እያለ ይስቅባትና በስልክ የሚላከውን ቁጥር ይጠይቃታል። ሠርግ ቤት እጇን ከሳሪዋ ጫፍ ሥር ደብቃ ትቀመጣለች። ሰባሪዎች ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ በእጃቸው ይታወቃሉና፣ ሰው ደግሞ እጃቸውን ካየ በኋላ ሌላውንም ነገራቸውን፣ ሰፈራቸውንና ዘራቸውን ያወቀ ይመስለዋል።

በዚህ ወር መጨረሻ የመስበሪያው አዳራሽ ይዘጋል። ሥራውን ማሽን ይረከባል፤ አርባ አንድ ሴቶች ይሰናበታሉ፤ ከእነሱ ጋር የመድን ካርዳቸውም ይሞታል። የሱዲሽ መድኃኒት፣ የሽንት ቱቦውና የጀርባው ቁስል ማጠቢያ የሚመጡት በእናቱ ካርድ ነው። ሽሪጃ ፋርማሲ ገብታ በገንዘብ ቢገዛ ስንት እንደሚሆን ጠይቃ ነበር፤ በወር አሥራ አንድ ሺህ ሩፒ አሏት። ይህን አንድ ጊዜ ተናገረች፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለ ዋጋው ያነሳ የለም።

ግን በዚያው የፋብሪካ ግቢ፣ ድሮ የዶሮ መኖ ይጫንበት በነበረው መጋዘን፣ አዲስ ሥራ ተከፍቷል። የካሹ ፍሬ ከጠንካራው ቅርፊት ሥር ሌላ ስስ ቀይ ገለፈት አለው። ሴቶች በትንሽ ቢላ ይልጡትና ጥራጊ ሆኖ ኪሎው በዘጠኝ ሩፒ ለዶሮ አርቢዎች ይሸጥ ነበር። አሁን በአልኮልና በውኃ ዘፍዝፈው፣ አጣርተውና አድርቀው ቡናማ ዱቄት ያወጡበታል፤ መድኃኒትና የፊት ቅባት የሚሠሩ ሰዎች ከባሕር ማዶ ይገዙታል። ለዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ሴቶች ይፈለጋሉ። ስምንቱ ከላጮቹ ተመርጠዋል፤ እነሱ እጃቸው ንጹሕ ነው። አራት ቦታ ደግሞ ብዙ ዘመን ላገለገሉ ሰባሪዎች ተተወ፤ ካርዱም ይቀጥላል። ችግሩ በሩ ነው። በሩ የሚከፈተው በአውራ ጣት አሻራ ብቻ ነው፤ ገዢዎቹ ዱቄቱን ማን እንደነካው ማወቅ ይፈልጋሉ። ሥራውን የምትመራው ዶክተር አንሲ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት፣ ሰባሪዎቹን ሰብስባ «ቆዳ ይመለሳል» ብላቸው ነበር። «አሥራ ሁለት ቀን ዘይትም አመድም ሳሙናም አታስነኩት። የኮኮናት ዘይት ብቻ ቀቡት። ይመለሳል ብዬ አስባለሁ።» ዘጠኝ ሴቶች ጀመሩ። አብዛኞቹ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ተዉት፤ ዓሣ የሚያጥብላቸው፣ ልብስ የሚዘፈዝፍላቸው ሰው የለማ። ቪላሲኒ ያለ ደመወዝ ቤት ተቀመጠች። ሽሪጃ አበሰለች፣ አጠበች፣ አጎረሰች፣ የአማቷን ፀጉር ሳይቀር አበጠረች፤ በየሁለት ሰዓቱም ባሏን ብቻዋን ከጎን ወደ ጎን ገለበጠች። አንድም ቀን አላማረረችም። ይህ ዝምታዋ ቪላሲኒን ከማማረር ይልቅ ይከብዳት ነበር።

ዛሬ ቀኑ ደርሷል። ሽሪጃ የአማቷን እጅ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። ክፍሉ አንድ ነው፤ ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት። ግማሹን ከሆስፒታል ያገለገለ በስድስት ሺህ ተኩል የገዙት የብረት አልጋ ይዞታል። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ ብርሃኑ ደካማ ነበር።

«እማዬ፣ አሳዪኝ እስቲ» አለ ሱዲሽ።

ቪላሲኒ ጎንበስ ብላ አውራ ጣቷን ከዓይኑ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ያዘችለት። ቆዳው ሮዝ፣ ስስ፣ የሕፃን ከንፈር የመሰለ ነበር። ረጅም ጊዜ አየው።

«አለ። መስመር አለ። እዚህ መሃሉ ጋ ጠምዘዝ ይላል።»

«ታሾፍብኛለህ?»

«ምን ቆርጦኝ! ጣትሽ እኮ ከእኔ ጣት የተሻለ ሥራ ላይ ነው።»

ሽሪጃ ሳቀች። ቪላሲኒ ግን ሳቁ እስኪያልፍ መስኮቱን ተመለከተች። ልጇ ስለ ራሱ አካል ሲቀልድ መሳቅ አይሆንላትም።

ሁለት እጆቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ጃንጥላውን በክንዷና በጎኗ መካከል አጣብቃ፣ የባቡሩን ሐዲድ ተከትላ ሄደች። ኦማና ከመታጠፊያው ላይ ጠበቀቻት። ኦማና ከእሷ ጎን ሃያ ስድስት ዓመት ካሹ የሰበረች ሴት ናት፤ በአራተኛው ቀን ከተዉት አንዷ እሷ ነበረች።

«ኧረ ሙሽሪት! ሒና ተቀብተሽ ነው እጅሽን የጠቀለልሽው?»

«ዝም በይና ጃንጥላዬን ያዢልኝ።»

«እይዛለሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ? ነገ ዶክተር ስትሆኚ ታስታውሺኛለሽ» አለችና ጃንጥላውን ተቀበለቻት። ትንሽ እንደ ሄዱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔ በአራተኛው ቀን ባሌ ሰርዲን ይዞ መጣ። ሁለት ኪሎ። ማን ያጽዳው? እሱ ያጽዳው? አጸዳሁት። ቅርፊቱን ስፍቅ ቆዳዬ አብሮ ተፋቀ። ሰርዲኑ ግን ጣፍጦ ነበር።»

አዲሱ ክፍል ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ ሰድር ነው፤ ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት የብረት ጋኖች ቆመዋል። አሻራ የሚመዘግበው ሰው ከቀትር በኋላ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚመጣ፣ እስከዚያ ሴቶቹ ሥራውን እየሞከሩ እንዲቆዩ ተቆጣጣሪው ጎፓላን ነገራቸው። ጎፓላን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሴቶችን ሲያስቸኩል የኖረ ሰው ነው። ለእያንዳንዷ ሃያ ኪሎ ቀይ ገለፈት ያለበት ጆንያና አንድ ጥንድ የጎማ ጓንት ተሰጣት። ሥራው ገለፈቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የቅርፊት ስብርባሪ፣ የፍሬ ፍርፋሪና ጠጠር መልቀም ነው። ዶክተር አንሲ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረች አንድ ነገር ብቻ ደጋገመች።

«ጠጠር ቢያመልጣችሁ ወንፊቱ ይይዘዋል። ቅርፊት ግን እንዳያመልጣችሁ። የአንድ ቅርፊት ዘይት የአንድ ጋን ሥራ ያበላሻል። የላቦራቶሪው ውጤት የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ተደፍቷል።»

ቪላሲኒ የራሷን ጆንያ ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። ጓንቱ ግን አልተመቻትም፤ በጓንት ውስጥ ጣቷ ደንቆሮ ነው። ደጋግማ ያየችውን ገለፈት ወደ አፍንጫዋ እያስጠጋች አሸተተች፤ ንጹሕ ገለፈት የእርጥብ እንጨት ሽታ አለው፤ ዘይት የነካው ግን አፍንጫን ጫፉ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ይህን ማንም አላስተማራትም። ዶክተር አንሲ ቆማ አየቻትና ሁለት ጊዜ ለየብቻ እፍኝ ገለፈት አምጥታ ሰጠቻት፤ ቪላሲኒ አንዱን ደህና ነው፣ ሌላውን አይሆንም አለች። ሁለተኛው ሆን ተብሎ የተበከለ ነበር።

«እትዬ ቪላሲኒ፣ የእኔ መሣሪያ ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ይፈጅበታል» አለች ዶክተሯ።

«መሣሪያውም ሠላሳ ሦስት ዓመት ይሥራና ይማራል፣ ልጄ።»

ዙሪያውን ያሉት ሴቶች ሳቁ። ቪላሲኒ በዚያ ቀን ቦታውን እንደምታገኝ ያመነችው በዚህች ደቂቃ ነው።

ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለት ሰዎች ከወጣቶቹ ላጮች የአንዷን የተለቀመ ጆንያ ተሸክመው ወደ ጋኑ ሲሄዱ በአጠገቧ አለፉ። ሽታው አፍንጫዋን ቆንጠጥ አደረጋት።

«ቁሙ! አትድፉት!»

ሰዎቹ ጆንያውን በጋኑ አፍ ላይ አዘንብለውታል። ቪላሲኒ ደርሳ ያዘችው። ክንዷን እስከ ክርኗ ሰደደች፤ በጓንቱ ግን ገለፈቱም ቅርፊቱም አንድ ሆነባት። አንደኛው ሰውዬ «ከበደኝ፤ ልለቀው ነው» ብሎ ጮኸ። የቀኝ ጓንቷን በጥርሷ ስባ ጣለችው። ባዶ እጇ ወደ ጆንያው ሥር ወረደ፤ ወዲያው አገኘው። ግማሽ የተሰበረ ካሹ ነበር፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ዘይቱ ያዣል። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጨምቃ ይዛ አወጣችውና ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ዶክተር አንሲ አጨበጨበች።

«ጋኑን አዳኑት! ሙሉ ጋን! ጎፓላን፣ አዩ?»

ጎፓላን አየ። ያላየው ዘይቱ በቪላሲኒ አውራ ጣት ላይ ወደ አንጓዋ ሲወርድ ነበር። በአሮጌው ቆዳዋ ቢሆን ምንም ባልተሰማት። አዲሱ ቆዳ ግን እሳት እንደነካው ተኮማተረ። ዶክተሯ «ሳሙና አምጡላቸው፣ ቶሎ!» ስትል ሰምታለች፤ ሳሙናው እስኪመጣ ቆማ ብትጠብቅ ኖሮ ምናልባት በቂ ነበር። እግሯ ግን ከእሷ ቀድሞ ሄደ። ግቢውን አቋርጣ ወደ መስበሪያው አዳራሽ ሮጠች፤ ከመጀመሪያዋ ሰባሪ አጠገብ ያለውን ሳህን አገኘች፤ ሁለቱንም እጆቿን አመዱ ውስጥ ነከረች፤ መዳፍ በመዳፍ፣ ጣት በጣት አሸች፤ ልክ ሲያቃጥላት ሁልጊዜ እንደምታደርገው በኃይል።

«ቪላሲኒ!» ኦማና መዶሻዋን ጥላ ተነሳች። «እጅሽ! ኧረ እጅሽ! ምን እያደረግሽ ነው?»

ቪላሲኒ ያን ጊዜ ቆመች። እጆቿን ከአመዱ አውጥታ አየቻቸው። ከሁለቱ አውራ ጣቶቿ ስሱ ቆዳ ተጠቅልሎ፣ እንደ ካሹ ገለፈት ወደ አንድ ወገን ተሰብስቦ ነበር። ሥሩ ቀይና እርጥብ ነው። አዳራሹ ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ አልነበረም።

አሻራ የሚመዘግበው ሰው ጥቁር ቦርሳ ይዞ በሰዓቱ መጣ። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ጣታቸውን አስቀመጡ፤ አረንጓዴ መብራት በራ። ቪላሲኒ ደም ያረጠበውን አውራ ጣቷን አስቀመጠች። ቀይ በራ። ሰውዬው ብርጭቆውን በጨርቅ ጠረገ። ቀይ። የግራውን ጠየቃት። ቀይ። ሌሎቹን ጣቶቿን ሁሉ ሞከረ፤ እነሱ ከድሮም ልሙጥ ነበሩ። ዶክተር አንሲ እጇን ይዛ ራሷ በቀስታ ተጫነችው፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ።

«በካርድ ወይም በቁጥር ማስገባት አይቻልም?» አለችው ሰውዬውን።

«ገዢዎቹ አልፈለጉም። ቆዳው እስኪድን እንዳልጠብቅ ደግሞ ዝርዝሩ ዛሬ ይዘጋል። እኔ ያመጣሁት ሕግ አይደለም፣ ዶክተር።»

«ጋኑን ያዳኑት እኮ እሳቸው ናቸው!»

ሰውዬው ስለየትኛው ጋን እንደምታወራ ስላላወቀ ማሽኑን መጠራረግ ቀጠለ። ጎፓላን ሰዓቱን አየና ቪላሲኒን ወደ ጎን ጠራት።

«ስሚ እህቴ፣ ቦታው የአንቺ ነው፤ ማንም አይነካውም። ግን ጣት የሌለው ቦታ ምን ያደርጋል? ቤት ውስጥ ጣት ያለው ሰው የለሽም? ምራትሽ አለች አይደል?»

«ምራቴ ካሹ ነክታ አታውቅም።»

«ለዚህ እኮ ነው ጣቷ ያለው» አለ ጎፓላን። እንደ ቀልድ አልነበረም፤ እያሰበ ነበር። «ሽታውን ማታ ማታ አንቺ ታስተምሪያታለሽ። ቤተሰብ አይደላችሁ? እንዲያውም ለሁላችንም ይሻላል። ሰውዬው እስከ አሥር ሰዓት ይቆያል። ሂጂ፣ አምጫት።»

ዶክተር አንሲ አጠገባቸው ቆማ ነበር። የሆነ ነገር ትላለች ብላ ቪላሲኒ ፊቷን አየች። ዶክተሯ ከኪሷ ፋሻ አውጥታ ሁለቱን አውራ ጣቶች በጥንቃቄ ጠቀለለችላት፤ ጫፉን አሰረች፤ ከዚያ ወደ ጋኖቿ ተመለሰች።

ቪላሲኒ ቤት ስትደርስ ሽሪጃ ባሏን ወደ ግራ ጎኑ እየገለበጠችው ነበር። ሽሪጃ ፋሻውን አየች። ትራሱን ከባሏ ጀርባ ሥር አስገብታ ጨርሳ ተነሳች። ቪላሲኒ የሆነውን በአጭሩ ነገረቻት፤ ስለ ጆንያው፣ ስለ አመዱ፣ ጎፓላን ስላለው።

«ማን ይገለብጠዋል?» አለች ሽሪጃ በመጨረሻ።

«እኔ።»

«በዚህ እጅ?»

«በክንዴ እገለብጠዋለሁ።»

«እርስዎ እኮ ማንም ከዚህ ቤት እዚያ ግቢ አይገባም ይሉ ነበር። በሠርጌ ማግስት ነው ያሉኝ።»

ሱዲሽ ጣራውን እያየ ነበር። ሽሪጃ ማሰሮው ውስጥ የቀረውን ውኃ ፊቷ ላይ አፈሰሰች፤ ፀጉሯን ጠቀለለች፤ ለሠርግና ለሆስፒታል የምታደርገውን ሰማያዊ ሳሪ አወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ የራሷን አውራ ጣት ሰረቅ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ በመዳፏ ጨብጣው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቪላሲኒ ልጇን ሦስት ጊዜ ገለበጠችው። በሁለተኛው ጊዜ ፋሻው ተንሸራቶ ደሟ በአንሶላው ላይ ቀረ። ሱዲሽን ሲያመው ታውቅበታለች፣ እሷን ሲያማት ያውቅባታል፤ ሁለቱም አላመመኝም ተባባሉ።

ሽሪጃ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። ማሽኑ በመጀመሪያው ሙከራ እንደተቀበላት፣ ወዲያው ሥራ እንዳስጀመሯት፣ ሻይ እዚያ በነፃ እንደሚሰጥ ተናገረች። ድምጿ ከጠዋቱ ከፍ ያለ ነበር፤ ይህን ራሷም አስተውላ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ከሳሪዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ በትንሽ ፌስታል የታሰረ እፍኝ ቀይ ገለፈት አወጣች።

«ጋሼ ጎፓላን ነው የላከው። ነገ ጠዋት ጋን ውስጥ ሊገባ ነው። አማትሽ ያሽትቱትና መልሱን ይዘሽ ነይ አለኝ።»

ቪላሲኒ ፌስታሉን በሁለት አንጓዎቿ መካከል ያዘችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አንድ ጊዜ አሸተተች። አንዲት ገለፈት በከንፈሯ ነካች፤ ትንሽ ጠበቀች።

«ዘይት ነክቶታል። ብዙ አይደለም፤ ግን ነክቶታል። እንዳይገባ።»

«እሺ፣ እማ አይሆንም ብለዋል እላቸዋለሁ።»

«አትበዪ» አለች ቪላሲኒ። «እኔ ነኝ ያሸተትኩት በይ።»

«እንዴት? እኔ እኮ አላውቅም።»

«እስክታውቂ እነግርሻለሁ። አንቺ ግን እኔ አሸተትኩት በይ። ጣት ብቻ ይዘሽ ከገባሽ ሌላ ጣት ሲያገኙ ያስወጡሻል።»

ሽሪጃ አማቷን ለአፍታ አየቻት፤ ከዚያ ባሏ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቃሉን ተለማመደች። «እኔ ነኝ ያሸተትኩት። እኔ ነኝ ያሸተትኩት።» ክፍሉ አንድ ነው፤ ሱዲሽ ሰምቷል። ብቻውን ወደ ግድግዳው መገልበጥ ስለማይችል ዓይኖቹን ጨፈነ።